አባቴ እሺ ማለት የተማረበት ምርጫ

አባቴ በሕይወቱ አጥብቆ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ሲሰጡት «ኧረ ይቅርብኝ» አለ። ይህን የምጽፈው ልስቅበት ነው። እሱ ራሱ ቢኖር አብሮኝ ይስቅ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ይኮሳተር ነበር፤ ሲነኩት ወዲያው መሳቅ አይወድም።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ ወደ ቁስቋም በሚያስወጣው ዳገት ላይ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፉ ዓመታት አልፈው፣ ሰው የቀበሌ ስብሰባ መፍራቱን ትቶ መሰልቸት የጀመረበት ጊዜ ነበር። አባቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት በችሎት አስከባሪነት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ችሎት አስከባሪ ማለት የፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ ዳኛ ሲገባ «ተነሡ» የሚል፣ ዳኛው ሲሰየም «ተቀመጡ» የሚል ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ችሎት ውስጥ እነዚህን ሁለት ቃላት ተናገረ፤ ሌላ እንዲናገር የጠየቀው የለም። ሰዉን ሁሉ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው እሱ ራሱ አንድም ቀን አልተቀመጠም። ወንበር አልነበረውም።

ማታ ቤት ሲገባ ግን ያን ቀን የዋለውን ክርክር ሁሉ እንደገና ይዳኘው ነበር። «ዳኛው ተሳስቷል» ይላል ጫማውን እያወለቀ። «ያቺን ሴትዮ መጀመሪያ ምስክሯን መጠየቅ ነበረበት።» እናቴና እኔ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነን እንሰማለን። የሚፈርደው ፍርድ ደግሞ ጥሩ ነበር፤ ለአባቴ አድልቼ አይደለም። ጡረታ ሲወጣ ክርክር አለቀበት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ዶሮዎች ሲጣሉ ያያል። አንዳንዴም ይፈርዳል።

በዚህ መሐል የቀበሌያችን ምርጫ መድረሱ ተነገረ። ሊቀመንበር ይመረጣል፤ የየኮሚቴው ሰዎች ይመረጣሉ፤ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎም ሦስት ዳኞች ይመረጣሉ። ፍርድ ሸንጎው የሰፈሩን ጥቃቅን ጠብ የሚያይ ነው፤ የአጥር፣ የስድብ፣ የፈሰሰ እጣቢ። አባቴም ወሬውን ሰማ። በማግስቱ የክት ኮቱን ይዞ ከቤታችን በታች ወዳለው ወሎዬ ልብስ ሰፊ ሄደና ቁልፎቹን አስቀየረ።

እናቴ ኮቱን አየችና ገባት። ቁልቁል ወርዳ፣ ሽቅብ ወጥታ፣ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰች፤ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ፣ እድር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። «ባሌን ምረጡልኝ» ማለት ነውር ስለሆነ እንዲህ አላለችም። «ሰውዬው ቤት ውሎ ሊገድለኝ ነው፤ እስቲ በእመብርሃን ሥራ ፈልጉለት» ነው ያለችው። ሰዉም ተረዳት። አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን እኔ እጠቁማቸዋለሁ ብላ ቃል ገባች።

እኔ የዚያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደርጌያለሁ። ተደርጌያለሁ የምለው የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም በእኔ እጅ ነው።

ምርጫው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። አዳራሹ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የእህል መጋዘን ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ያኔም ምስር ምስር ይሸት ነበር። ስም ተጠራ፤ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር እንደማይሰጠው ስለሚታወቅ የቀረ አልነበረም። ግራ እጃችንን አውጥተን መፈክር አሰማን። ከዚያ የቀበሌዎች የበላይ ከሆነው ከከፍተኛው የተላከው ካድሬ የምርጫውን ሥርዓት አስረዳ። ልጅ እግር ነው፤ ካኪ ልብሱ ገና አልታጠበም። ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ቀኝ እጁን ያወጣል፤ ማን እንደመረጠው፣ ማን እንደተወው ዕጩው አያይም። ቂም እንዳይያዝ ተብሎ ነው። ግድግዳ የማያይ፣ ኋላ የሚነግረው ዘመድ ግን ሁሉም ዕጩ አለው።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ እሺ የሚባለው በሦስተኛው ነው። ምግብ ሲቀርብልህ በመጀመሪያው «ኧረ አሁን በላሁ» ትላለህ፤ በሁለተኛው «ግድ የለም፣ በቃኝ» ትላለህ፤ በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲሉህ እንደተሸነፈ ሰው ፈገግ ብለህ እጅህን ትሰዳለህ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ይሉኝታ የለውም ይባላል። ሦስት ጊዜ ያልለመነ ደግሞ ንፉግ ነው። ይህን ሥርዓት ከአባቴ ይበልጥ አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ሰርግ ቤት ሄዶ ሲለመን ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር።

የዳኞች ምርጫ ደረሰ። ሁለት ሰዎች ተጠቁመው ተቀበሉ። ጎረቤታችን ተነሥታ «ሕግ ሲያዩ የኖሩ፣ ጨዋ ሰው» ብላ አባቴን ጠቆመች። ካድሬው «ጓድ፣ ዕጩነቱን ይቀበላሉ?» አለው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። አዲሶቹ ቁልፎች ያብረቀርቃሉ።

«ያከበራችሁኝን ሁሉ እግዜር ያክብራችሁ» አለ። «ግን እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬም ገፍቷል። ለሌላ ስጡት።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። በደንብ እንኳ አልተቀመጠም፤ ሲያስነሡት እንዲቀለው የአግዳሚውን ጫፍ ብቻ ነካ አደረገ። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ እንዴት ተደርጎ...» ብሎ ጀምሮም ነበር። ካድሬው ግን ፋታ አልሰጠም።

«የጓድን አስተያየት እናከብራለን። ጓድ ጸሐፊ፣ አልተቀበሉም ብለሽ መዝግቢ።»

አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። አሁንም የአግዳሚው ጫፍ ላይ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተነሥቼ «እባክህ፣ እሳቸው እንዲህ የሚሉት ለወጉ ነው፣ ሁለት ጊዜ ደግመህ ጠይቃቸው» ማለት እችል ነበር። ግን አስተማሪ ነኝ፤ ጻፊ ሲሉኝ እጽፋለሁ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ «ዕጩነቱን አልተቀበሉም» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ተጠቆመ። እሱ ከምሩ ነው የማይፈልገው። «ወላሂ አልችልም!» አለ ሁለት እጁን እያርገበገበ። «ወገቤን ያመኛል። ደግሞ ሰው ሲጣላ ስሰማ ራሴን ይፈልጠኛል። ስለ ነቢ ተዉኝ!» ለአባቴ የተዘጋጀው ልመና ሁሉ ተጠራቅሞ መውጫ አጥቶ ነበርና በእሱ ላይ ፈሰሰ። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» «የእሱን ትሕትና አያችሁ?» ካድሬው ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ሦስተኛ ዳኛ ሳይገኝ ደግሞ ስብሰባው አይበተንም። «የሕዝብን አደራ መግፋት አይቻልም፤ ወደ ግድግዳው ይዙሩ» አለው። ልብስ ሰፊው ዞረ። እጅ ያላወጣ ሰው አላየሁም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቤት ስንገባ እናቴ ነጠላዋን ሳታወርድ ጀመረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

«ይለምኑኛል ብዬ ነዋ!»

«ካድሬ ይለምናል? የት አገር አይተሃል?»

«እናት የለውም እንዴ ያሳደገችው?» አለና ኮቱን አውልቆ ሰቀለ።

እኔን አንድ ሳምንት በቀጥታ አላናገረኝም። ማዕድ ላይ ወደ እናቴ ዞሮ «ለጸሐፊዋ ንገሪልኝ፣ ጨው ታቀብለኝ፤ ስታቀብለኝም ትመዝግበው» ይላል። እናቴ ትስቃለች። እኔ ጨዉን አቀብላለሁ። እያሾፈ መሆኑን ባውቅም ያንገበግበኝ ነበር።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አንድ እሑድ በአዳራሹ በኩል ሳልፍ ፍርድ ሸንጎው ተቀምጧል። ገባ ብዬ አየሁ። አባቴ በሩ አጠገብ በግራ በኩል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ከፊቱ ያሉት አግዳሚዎች ግማሽ ባዶ ናቸው። ማንም ቁም አላለውም፤ እግሩ ራሱ ሄዶ የለመደው ቦታ ቆመ። የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሳያየኝ ወጣሁ፤ ለአንድ ወንበር ይህን ያህል መመኘት ይቻላል ወይ እያልኩ ዳገቱን ወጣሁት።

ልብስ ሰፊውም አልተመቸውም። ሁለቱ ዳኞች ሲከራከሩ እሱ ራሱን ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ቀጠሮ ይሰጣል። የአንድ አጥር ጉዳይ ሲያዘገይ አጥሩ ራሱ በስብሶ ወደቀ። በዓመቱ የወገቡን ነገር ሐኪም አስመስክሮ ከከፍተኛው ፈቃድ አገኘና ማሟያ ምርጫ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲደረግ ተወሰነ። ዜናውን እንደሰማ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ቤት መጣ። እናቴ ሻይ አቀረበችለት።

«ጋሼ፣ ወንበሩን የምለቀው ለእርስዎ ነው» አለው። «የምጠቁምዎ እኔ ነኝ። አደራዎን፣ የዚያን ቀን እሺ ይበሉ።»

አባቴ ፊቱ በራ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ኧረ እኔ ለዚህ የምበቃ...»

እናቴ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ልብስ ሰፊው እሷን አየ፤ እሷ እኔን አየችኝ። አባቴም ምን እንዳለ ገባውና አንገቱን ደፋ። «አፌ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አይደለሁም።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እናቴ መከራውን ከዚያው ማታ ጀመረች። እራት ላይ «ልጨምርልህ?» አለችው። «ኧረ በቃኝ» አለ እንደ ወጉ። ማዕዱን አንሥታ ሄደች። አባቴ እጁ አየር ላይ እንደቀረ አየኝ። እኔም ግድግዳውን አየሁ፤ ዕጩ ሆንኩ። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። በማግስቱ ምሳ ላይ እንደዚያው። ማታም እንደዚያው። የተናደደችበት መስሎት ሊያባብላት ሞከረ። አልተናደደችም፤ የሚለውን ታምነዋለች፣ ያ ብቻ ነው። አንዴ ጓዳ ገብቶ ድስት ሲከፍት ያዝኩትና «ምስክር ልጥራ?» አልኩት። ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ሹልክ አለ።

በሦስተኛው ቀን ማታ «ልጨምርልህ?» ስትለው ላብ አጠመቀው። ወደ በሩ አየ፤ ወደ እኔ አየ። ከዚያ የሰረቀውን እንደሚያምን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ» አለ። እናቴ ጨመረችለትና ቶሎ ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። ኋላ ጓዳ ስከተላት ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። «ሴት ባሏን አንዴ ብቻ ጠይቃ ትተዋለች?» አለችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ የበላሁት እህል እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ነው የቆመው።»

ችግሩ አባቴ አንዴ ከተማረ በኋላ ማቆሚያ ማጣቱ ነው። ያቺ የጠቆመችው ጎረቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ በደጇ ሲያልፍ «ግቡ፣ ምሳ እንብላ» አለችው፤ እንዲሁ ለወጉ ያህል ነው። «እሺ» አለና ገብቶ ተቀመጠ። ቤቷ ውስጥ ለቁራሽ የሚሆን ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ በጓሮ ወጥታ ከሦስት ቤት ለምና መጣች። ከዚያ በኋላ ቦኖ ላይ «ሰውዬው ጤና የላቸውም መሰለኝ» ማለት ጀመረች። እናቴ ይህን ስትሰማ ተሳቀቀች። እሺ አይልም ብላ ስትፈራ ኖራ፣ አሁን ደግሞ እሺ በማለቱ እንዳይጥሉት ፈራች።

የማሟያው ምርጫ ቀን ያው ካድሬ መጣ፤ ካኪው በዓመቱ ደብዝዟል። ልብስ ሰፊው አባቴን ጠቆመ። ሌሎች ደግሞ የሰፈራችንን ጥምቀተ ባሕር ጠባቂ ጠቆሙ፤ ደግ ሰው ናቸው። ካድሬው መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቃቸው። «ኧረ እኔ ምን አውቄ» አሉ። ካድሬው የእኛን ሰፈር ትንሽ ለምዶ ነበርና እንደገና ጠየቃቸው። «ኧረ ይቅርብኝ» አሉ። አዳራሹ «በሞቴ!» አለ። እሳቸውም በወጉ ተሸነፉ፤ ሰዉም ወደዳቸው። እስክሪብቶዬን ጨብጬ እናቴን አየኋት። መሬት መሬቱን ታያለች።

«እርስዎስ ጓድ፣ ይቀበላሉ?»

አባቴ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከንፈሩ ለ«ኧረ» ሲከፈት አየሁት። ከሴቶቹ አግዳሚ እናቴ «እህ» ብላ ሳል አሰማች።

«እሺ» አለ።

አንዲት አሮጊት «ጉድ!» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባቴ ጆሮው ድረስ ቀላ። ልብሱን ገፍፈው አደባባይ ያቆሙት ሰው እንኳ እንዲህ አያፍርም። ምን ያህል እንደሚፈልገው ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ለአባቴ ከይሉኝታው የበለጠ ውድ ነገር አልነበረም፣ እሱን ከፈለ።

ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ። መጀመሪያ ለጥምቀተ ባሕሩ ጠባቂ እጅ ወጣ፤ ብዙ ነው። ቆጠርኩ። ለአባቴ እጅ ሲባል ልብስ ሰፊው ወገቡን ረስቶ ብድግ አለ። የሸንጎውን ቀጠሮ ሲጠብቁ የከረሙ ባለጉዳዮች ሁሉ አወጡ። ከዚያ የሚወጣው እጅ ቆመ። ስቆጥር እኩል ሊሆን ነው። ጎረቤታችን፣ ያቺ ምሳ የበላባት፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታስባለች። አየችኝ፤ አባቴን ከጀርባው አየችው። «እንግዲህ እሳቸው አንዴ እሺ ካሉ እሺ ነው» አለችና እጇን አወጣች። ሌሎች ሁለት ሦስት ሴቶችም ተከተሏት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። እናቴ አላወጣችም፤ ሁለት እጇም ፊቷ ላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ አባቴ አሸነፈ።

በጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ሁሉ ላይ እንደዚያ ደምቆ የተጻፈ መስመር የለም፤ «ዕጩነቱን ተቀብለዋል፤ ተመርጠዋል።» ካድሬው «መዞር ይቻላል» አለ። የጥምቀተ ባሕሩ ጠባቂ ዞሩና አባቴን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። አባቴ ግን ለጥቂት ጊዜ ከግድግዳው አልዞረም።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴና እኔ ማንም ሳይቀድመን አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥን። በአዲሱ ሥርዓት ለዳኛ መነሣት ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው። ሁለቱ ዳኞች ገብተው ሲቀመጡ የተነሣ የለም። አባቴ ሦስተኛ ሆኖ ገባና በሩ ጋ ሲደርስ በግራ በኩል ቆመ። እዚያው የሚቀር መሰለኝ። ሦስተኛው ወንበር ከፊት ለፊቱ ባዶውን ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊው በገዛ እጁ የሰፋለት ትንሽ ትራስ አለበት።

እናቴ ከአጠገቤ ብድግ አለች።

«ኖር!» አለችው፤ ቤት ለመጣ እንግዳ እንደሚባለው።

ጆሮ የለመደው ነገር ነውና ልብስ ሰፊው «ኖር!» ብሎ ተነሣ፤ ጎረቤታችን ተነሣች፤ ከሳሹም ተከሳሹም ተነሡ። አዳራሹ በሙሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ቆመ። የተቀመጡት ሁለቱ ዳኞችም ተያዩና ተነሡ። አባቴ ግራ ተጋብቶ ወደ ኋላው ዞር አለ፤ ከኋላው ሌላ ሰው የገባ መስሎት ነው።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ!» አለ። የተቀመጠ የለም።

«ኧረ በእናታችሁ ተቀመጡ!» ማንም አልተቀመጠም።

«ስለ ማርያም፣ አታስጨንቁኝ!» አለ በሦስተኛው።

«እርስዎ ሳይቀመጡማ አይሆንም» አለች ጎረቤታችን።

አባቴ ያን ጊዜ በሦስተኛው እንደተሸነፈ ሰው ፈገግ አለ። ሄዶ ትራሱን አስተካከለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጫፉን ነካ አድርጎ ሳይሆን ሙሉ ለሙሉ። ከዚያ እኛም ተቀመጥን። የመጀመሪያው ጉዳይ የዶሮ ነበር።